ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ

እናቴ የምትወዳት አንዲት አባባል አለች። "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ።" የእሷ ፈጠራ አይደለችም፤ እናንተም ቤት እንዳለች አውቃለሁ። አክስት ትላታለች፣ የታክሲ ሹፌር ይላታል፣ ባለሱቁ ሬዲዮውን ዝቅ እያደረገ ይላታል። እኛ ቤት ግን አባባሏ ትንሽ ቀልድ ተጨምሮባታል፤ ምክንያቱም እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አምስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ኮረንቲ ነው። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ። ምደባዬ የታወቀ ቀን እማዬ "እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ፈቅጄልሃለሁ" አለችኝ።

ዛሬ በኮረንቲም አልሠራም። እንደ ብዙ የክፍሌ ልጆች ወደ ሶፍትዌር ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ ኮድ ስጽፍ እውላለሁ። ፖለቲካንም ኮረንቲንም በሩቁ ማለት ነው።

ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ 18 ዓመት ሞላት። ዳቦው ተቆርሶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ ወደ እኔ ዞር ብላ "አንተ፣ የምርጫ ካርድ ላውጣ እንዴ? ወይስ ምን ዋጋ አለው?" አለችኝ። የጠየቀችው እኔን ነው። እማዬ ግን ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች፤ የምታጥበው ሰሃን ድምፅ ድንገት ቆመ። እኔም እንደ ማንኛውም አጣብቂኝ ውስጥ የገባ ታላቅ ወንድም "እስቲ አስቤ እነግርሻለሁ" አልኳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እያሰብኩ ነው። እዚህ የማወራችሁም እሱኑ ነው።

መጀመሪያ ለእማዬ ፍትሕ ልስጥ። "በሩቁ" የፈሪ ቃል ይመስላል፤ ግን ከባዶ ሜዳ የመጣ ቃል አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከምርጫው የማስታውሰው ሰልፉን ነው። ከሰፈራችን ትምህርት ቤት በር ተነስቶ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ቁልቁል እስከ አስፋልቱ። አሮጊቶች በርጩማ ይዘው መጥተው ነበር። እንዲህ ያለ ሰልፍ ከዚያ በፊት ያየሁት ለስኳር ብቻ ነው። ጋሼ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ያኔ የ22 ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ እኛ ጋ ነው የሚኖረው። ድምፁን ሰጥቶ ሲመለስ ሁለት ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ፤ የቅንጅትን ምልክት። እኔም ሁለት ጣቴን ቀስሬ ግቢውን ዞርኩት። እማዬ እጄን ይዛ "ዝቅ አድርግ" አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ እጄን አወረደችው።

ቀጥሎ የሆነውን ታላላቆቻችን ያውቁታል፤ ታናናሾቻችን ግን አያውቁትም፤ እህቴ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ከተማዋ በፓርላማ ያላትን 23 ወንበርም ጠቅልሎ ወሰደ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ውጤቱ ላይ ውዝግብ ተነሳ። በሰኔ፣ ከዚያም በ1998 ጥቅምት ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ደርሶበታል። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ታፍሰው ታሰሩ። ከነሱ አንዱ ጋሼ ነው። አንድ ሌሊት በራችን ተንኳኳ፤ ጋሼ በቲሸርትና በነጠላ ጫማ ወጣ። ከአርባ ምናምን ቀን በኋላ ሲመለስ ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ከስቷል። የት እንደነበር፣ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደበሉ እስከ ዛሬ ነግሮን አያውቅም። ዜና ሲጀምር ቻናሉን ወደ ኳስ ይቀይረዋል። ኳስ ከሌለ ይወጣል።

እንግዲህ "በሩቁ" እኛ ቤት የገባው በዚያ በር ነው። እማዬ ፈሪ አይደለችም። ልኬት የወሰደች ሴት ናት። አንድ ጊዜ ነክታ አይታዋለች፤ ያዛት።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ያቺ የቤታችን "በሩቁ" እኔ ላይ ቅርጿን ቀይራ ነው የመጣችው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ። የ24 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዲግሪዬ ትኩስ ነው። ካርድ አውጥቼ ነበር። ሰዉ ምዝገባውን ቀዝቀዝ ስላደረገው ቀነ ገደቡ ተራዝሞ ስለነበር በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው ያወጣሁት፤ ያውም ጓደኛዬ ሲሄድ ተከትዬው። የምርጫው ዋዜማ ማታ ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ላፕቶፔን ከፍቼ የአንድ ድምፅን ዋጋ ማስላት ጀመርኩ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አንተኒ ዳውንስ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ አንስቶታል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ድምፅህ ውጤቱን የሚለውጠው ሌላው ሕዝብ እኩል ለእኩል ከተከፈለ ብቻ ነው፤ ይሄ የመሆን ዕድሉ ደግሞ ኢምንት ነው፤ ስለዚህ ለመምረጥ የሚከፈለው ድካም፣ የሰልፉም የጸሐዩም፣ ከጥቅሙ ይበልጣል። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. 1957 የኛም አገር ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የፓርላማ አባላትን የመረጠበት ዓመት ነው። ሰውየው "ለምን ትመርጣላችሁ?" ሲል እኛ ገና መጀመራችን ነበር።)

እኔም የራሴን ቁጥር አስገባሁ። በአንድ የምርጫ ክልል 50 ሺህ ሰው ድምፅ ይሰጣል እንበል። እያንዳንዱ መራጭ ሳንቲም እንደሚገለብጥ ሆኖ ሁለት ተወዳዳሪዎች ፍጹም አንገት ለአንገት ቢሆኑ፣ ትክክል እኩል የመውጣታቸው ዕድል ከ280 አንድ አካባቢ ነው። አይናቅም! ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ትንሽ ቢያይል፣ 51 ለ49 ብቻ ቢሆን፣ ዕድሉ ከ6 ሚሊዮን ወደ አንድ ይወርዳል። 55 ለ45 አደረግኩት፤ ኮምፒውተሩ ከነጥብ በኋላ ዜሮ ደርድሮ ደርድሮ ሰለቸው። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ስንፍናዬ ፎርሙላ አገኘ።

ጠዋት እማዬ ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። አዎ፣ ያቺው የ"በሩቁ" እማዬ። አንድም ምርጫ አምልጧት አያውቅም። ለምን እንደምትሄድ አንዴ ጠይቄያት "ነገ ቀበሌ ጉዳይ ቢኖረኝስ?" ነበር መልሷ። እኩለ ቀን ላይ ጣቷ ቀለም ነክቶት፣ ጉልበቷን እያሸች ተመለሰች፤ እኔ አልጋ ላይ ነኝ። "አልሄድክም?" አለችኝ። ላፕቶፑን አዙሬ ሒሳቡን አስረዳኋት፤ ከ6 ሚሊዮን አንድ። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ሳቀችና "ልጄ፣ አምስት ዓመት ተምረህ ተምረህ እኔው ጋ ደረስክ" አለችኝ።

ያኔ ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት። ጥሬ እውነት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእሷ "በሩቁ" ከፍርሃት የመጣ ነው፤ የኔው ደግሞ ያው "በሩቁ" ከረባት አስሮ ነው። ልዩነቱ እሷ ፍርሃቷን ፍርሃት ብላ መጥራቷ ነው።

ካርዱ እስካሁን አለኝ። የሰርኪት መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬው ሳይታጠፍ፣ ሳይቀደድ እንደነበረ ነው።

ሒሳቡ የት ጋ ተሳሳተ? ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ደግሜ ፈትሻቸዋለሁ። ስህተቱ ፕሮግራሙን የማስኬደው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ማሰቤ ላይ ነው። በዚያች ሌሊት ስንት የኔ ቢጤ፣ እኔው ዕድሜ፣ እኔው ሰፈር፣ እኔው ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው፣ ቁጥር ባያስገባም ያችኑ ሐሳብ አስቦ ተኛ? ጓደኞቼን በኋላ ስጠይቅ ከሰባታችን የሄደው አንድ ነው። ስድስታችን ሳንነጋገር አንድ ዓይነት ኮድ፣ አንድ ዓይነት ግብአት፣ አንድ ዓይነት ውጤት። "የኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?" ብዬ ስጠይቅ የምወስነው ስለ አንድ ድምፅ ይመስለኛል። በተግባር ግን የምወስነው የኔ ዓይነት ሰው በምርጫ ቀን ምን እንደሚያደርግ ነው። ያ ደግሞ ከ6 ሚሊዮን አንድ አይደለም። ከሕዝባችን ከግማሽ በላይ ዕድሜው ከ25 በታች በሆነበት አገር "የኔ ዓይነት ሰው" ብሎ ማለት ብዙ ሕዝብ ነው። (ድር ቢያብር ምናምን ብዬ ልተርትባችሁ አልፈልግም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰልችቷችኋል።)

"እሺ፣ ግን እኔ ብሄድ እነሱ ይመጣሉ ማለት ነው?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የኔ መሄድ ማንንም ከአልጋው አያስነሳም። ግን ያ ከንቱነት ለሁሉም የምናምን ነገሮች ይሠራል። እኔ አንድ ጊዜ ብዋሽ አገር አይፈርስም። እኔ ለዕድር ባላዋጣ ድንኳኑ አይጠፋም። ሆኖም ለቅሶ ላይ ተቀምጦ "የኔ ሃምሳ ብር ምን ይለውጣል?" የሚል ሰው ምን እንደምንለው እናውቃለን። ዕድር ውስጥ የማንጠይቀውን ጥያቄ ምርጫ ላይ ስንደርስ ለምን እንደምንጠይቅ ራሴን ስመረምር፣ ያገኘሁት መልስ ትንሽ ያሳፍራል፦ ዕድሩን የራሴ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መንግሥትን ግን የራሴ ነው ብዬ አላምንም። እንደ አየር ሁኔታ ነው የማየው። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ እንጂ ድምፅ አይሰጥም።

ከስንፍና ሒሳብ የሚከብድ፣ የምር የሚያስጨንቀኝ ሌላ ተቃውሞ አለ። ከሰባታችን አንዱ፣ ብዙ የሚያነብ ልጅ፣ እንዲህ ይላል፦ "አልመርጥም ያልኩት ሰንፌ አይደለም። ሜዳው ዘንባላ ከሆነ መጫወት ዳኛውን ማጽደቅ ነው። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። በ2007 547ቱንም። እዚያ ሰልፍ ላይ መቆም ለቲያትሩ ተመልካች መሆን ነው።" ይሄን በጥፊ የሚመልስ ሰው ካለ አገሩን አያውቅም። በ2013 ራሱ ትግራይ ጦርነት ውስጥ ስለነበረች ምርጫ አልተካሄደባትም፤ ሌሎችም አካባቢዎች በጸጥታ ምክንያት ሳይመርጡ ቀርተዋል። የዘመድ ሬሳ ለሚፈልግ፣ ወይም ከቀዬው ለተፈናቀለ ወጣት "ውጣና ምረጥ" ማለት ስድብ ነው። ይሄ ጽሑፍ ለሱ አይደለም። ይሄ ጽሑፍ እንደኔ አልጋው ሞቆት፣ ምርጫ ጣቢያው አሥር ደቂቃ ርቆት ለሚኖር ሰው ነው።

ለዚያ ጓደኛዬ ያለኝ መልስ ከሥራዬ የመጣ ነው። ዳታቤዝ ላይ የሠራ ሰው የሚያውቃት አንዲት ነገር አለች፤ ጀማሪዎች ሁሌ የሚሳሳቱባት። የአንድ ሰው ሳጥን ባዶ ከሆነ "አይ" ብሏል ማለት አይደለም። ዜሮም ማለት አይደለም። "ናል" እንለዋለን፤ ስለዚህ ሰው ምንም መረጃ የለም ማለት ነው። ናልን ከምንም ጋር ብታወዳድረው መልሱ እውነትም ሐሰትም አይሆንም። ቤት መቅረትም እንደዚያ ነው። በሥርዓቱ ተቆጥቶ የቀረው፣ አሞት የቀረው፣ እንቅልፍ የጣለው፣ ረስቶት ፊልም ሲያይ የዋለው፣ ሁሉም አንድ ባዶ ሳጥን ናቸው። ማንም ሰው ያንን ባዶ የፈለገውን ትርጉም ሊሰጠው ይችላል፤ ገዢውም "ሕዝቡ ረክቶ ነው ቤቱ የዋለው" ሊል ይችላል። ወረቀቱን አጥፎ፣ አበላሽቶ ኮሮጆ የሚከት ሰው እንኳ ከኛ ይሻላል። የሱ ወረቀት ዋጋ አልባ ተብሎም ቢሆን ይቆጠራል፤ እዚያው ጣቢያ በር ላይ በሚለጠፈው ውጤት ላይ ቁጥር ሆኖ ይወጣል።

መቅረት ተቃውሞ የሚሆነው ሲደራጅ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሲነገር፣ ስም ሲኖረው፣ ጥያቄ ሲያስከትል። ያ ደግሞ ከመምረጥ አሥር እጥፍ ሥራ ነው እንጂ ከመምረጥ ማረፊያ አይደለም። የተደራጀ መቅረትም ቢሆን ዋጋ አለው። ወደ 1997 ልመልሳችሁ። ያኔ ከተማው ሁሉ፣ ካፌውም ታክሲውም፣ የሚከራከረው በአንድ ጥያቄ ነበር፦ ቅንጅት ፓርላማ ይግባ አይግባ? አንዳንዶቹ ገቡ፣ ሌሎቹ አልገቡም፤ መሪዎቹ ታሰሩ። አዲስ አበባም የመረጠችውን ምክር ቤት ሳታይ በባለአደራ አስተዳደር ተመራች። በ2000ው የአካባቢ ምርጫ ብዙ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አገለሉ፤ ኢሕአዴግ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወንበር ያዘ። መግባት ነበረባቸው ብዬ መፍረድ አልችልም። እኔ ያኔ ሁለት ጣት ቀስሬ ግቢ የምዞር ሕፃን ነበርኩ፤ እነሱ ወህኒ ቤት ነበሩ። የማየው ግን አንድ ነገር ነው፦ ባዶ የተተወ ወንበር ባዶ ሆኖ አይቆይም።

አሁን ወደ ኮረንቲዋ።

የእማዬ አባባል ላይ ያለኝ ቅሬታ ሙያዊ ነው። ኮረንቲ "በሩቁ" አይባልም! ኮረንቲ ግድግዳችሁ ውስጥ ነው። 220 ቮልት ከአልጋችሁ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያድራል። እኛን የሚያድነን ርቀት ሳይሆን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ፊውዝ፣ ብሬከርና ግራውንድ አስቦ መሥራቱ ነው። ፊውዝ የሚባለው ነገር፣ ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ በጣም ትሑት ፈጠራ ነው፤ ኃይል ከልኩ ሲያልፍ እኔ ልቃጠል፣ ቤቱ ይትረፍ ይላል። አደጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ኮረንቲን በሚነካ ባለሙያ ላይ አይደለም። ገመዱ ተላጦ እያየ "ምን አገባኝ" ብሎ በሚያልፍ ሰው ቤት ነው።

ፖለቲካንም በሩቁ ብዬው አያውቅም፤ የሆንኩ መስሎኝ ነበር እንጂ። ሰኔ 2012 ኮሮና ዩኒቨርሲቲያችንን ዘግቶ ሁላችንም ቤት ገባን፤ እኔ ለአንድ የውጭ ደንበኛ ዌብሳይት እየሠራሁ የመጀመሪያዬን ዶላር ልቀበል ነው። ሰኔ 22 ምሽት አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ። ለሦስት ሳምንት ገደማ። በእነዚያ ቀናት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ሰው እየሞተ እኔ ስለ ደንበኛዬ ማሰቤ ያሳፍረኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ኔትወርኩ ሲመለስ ሦስት ኢሜይል ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ትሕትና ነው፤ ሁለተኛው ጭንቀት፤ ሦስተኛው "ሌላ ሰው አግኝተናል"። ከፖለቲካ የራቅኩ መስሎኝ ነበር። ራውተሬ ውስጥ ነበር።

ሙያዬን የሚነኩ ሕጎችም አንድ በአንድ ወጥተዋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነበር፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ተከተለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መጣ። ቢሯችን ውስጥ አሥራ አራት ፕሮግራመር አለን። ሦስተኛው፣ የሰዎችን መረጃ እንዴት እንደምናስቀምጥ በቀጥታ የሚመለከተን፣ ረቂቅ እያለ ያነበበው ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። ማንም። እኔም ጭምር። "አንብቤ ተስማምቻለሁ" የሚለውን ሳጥን ሳናነብ እንደምንጫነው ሁሉ አገራችንንም ሳናነብ ተጭነናታል። ምርጫ በአምስት ዓመት አንዴ ነው፤ ያ ሳጥን ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

ስለ ነክቶ መትረፍ ሳስብ አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች፤ ብርቱካን ሚደቅሳ። ዳኛ ነበረች። በ1997 ከቅንጅት አመራሮች አንዷ ሆነች፤ ታሰረች፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፣ በ1999 በይቅርታ ወጣች። በ2001 እንደገና ታሰረች፤ በ2003 ተፈታች፤ ወደ ውጭ ሄደች። "በሩቁ" ለማለት ከእሷ የበለጠ መብት ያለው ሰው ካለ አሳዩኝ። በ2011 ተመልሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች፤ የ2013ን ምርጫ መርታለች። ያ ምርጫ እንከን አልነበረውም እያልኩ አይደለም፤ እንከኑ የአደባባይ ነው። የሚገርመኝ ኮረንቲው የያዛት ሰው ተመልሳ ለመሥራት የመረጠችው ፊውዙን መሆኑ ነው። ሥልጣኑን ብትወዳደርበት ይገባኝ ነበር። እሷ ግን መቁጠሩን ያዘች።

የሷን ያህል ወኔ ከማናችንም አልጠብቅም። የኔ ፖለቲካ የጀመረው ከውኃ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣም ግፊቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያበቃል። የብሎካችን ኮሚቴ እሑድ ጠዋት ስብሰባ ጠራ፤ አጀንዳው ከነዋሪው በተዋጣው ብር ፓምፕ ይገዛ ወይስ አጥር ይሠራ የሚል ነው። እኔ ተኝቼ ነበር። ከአርባ አባወራ አሥራ አንድ ሰው ተገኘ፤ አብዛኛው ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ያለው፤ ውኃ የማይቸግረው፤ ሌባ ግን የሚያሰጋው። ሰባት ለአራት። አጥር። ማንም አላጭበረበረም፤ ማንም ሸፍጥ አልሠራም። የመጡት ወሰኑ፣ በቃ። እኔ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ረጅም ተቃውሞ ጻፍኩ፤ ሰላሳ ሰው "ላይክ" አደረገው። ማታ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ፣ ከአራቱ አንዷ፣ አገኙኝ። "አይ ልጄ! ይሄን ሁሉ ቋንቋ እሑድ የት አስቀምጠኸው ነው?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ ሄድኩ። አሰልቺ ነው፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሁለት ሰዓት ስለ ቆሻሻ ገንዳ ተወራ። ሦስተኛው ላይ የየፎቁን የውኃ ሁኔታ በሠንጠረዥ አሳየሁ፤ አራተኛው ላይ ተሸነፍኩ፤ አምስተኛው ላይ ስድስት ጎረቤት በየበራቸው አንኳኩቼ ይዤ ሄድኩና ፓምፑ ተወሰነ። አሁን ሻወር ሳይ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። ድምፅ መስጠት ማለት ጣት ቀለም መንከር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ያቺን የበር ማንኳኳት አያውቋትም። ሥራው ያለው እዚያ ነው። ካርዱ የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ነው።

ያለፈው እሑድ ምሳ ላይ ለእህቴ መልሷን ሰጠኋት። እማዬ አለች፣ ጋሼም መጥቷል፤ ቴሌቪዥኑ ኳስ ላይ ነው። "ካርዱን አውጪ" አልኳት። "ማንን እንደምትመርጪ ለኔም እንዳትነግሪኝ። የሚወዳደሩት ምን እንደሚሉ ግን አንብቢ፤ ሰፈር ሲመጡ አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው። ማንም ካልጣመሽ ሄደሽ ባዶውን ክተቺ። ቤት እንዳትቀሪ ብቻ።" የሰርኪት መጽሐፉን አውጥቼ የ2013 ካርዴን አሳየኋት። አገላበጠችው። "አዲስ ነው እኮ" አለች። "እሱ ነው ችግሩ" አልኳት።

ሁላችንም እማዬን አየናት። "በሩቁ"ን እየጠበቅን ነበር። እሷ እንጀራ ቆረሰች፣ ወጥ ጨለፈችላትና "መታወቂያሽ የልጅነት ፎቶ ነው ያለበት፤ እሱን ቀድመሽ አሳድሺ፤ አለዚያ ያመላልሱሻል" አለቻት።

ጋሼ ዓይኑን ከኳሱ አልነቀለም። ሃያ ዓመት አልፎ ስለዚያ ቀን ከአፉ የወጣች የመጀመሪያ ቃል ግን ያኔ ሰማሁ።

"ነጠላ ጫማ አድርገሽ እንዳትሄጂ" አለ። "መቆሙ ብዙ ነው።"